እናቴ ከመርከብ የወረደችበት ጠዋት

ከመርከብ መውረድ እንዲህ ግራ ያጋባል ብሎ ያስጠነቀቀኝ ሰው አልነበረም። ስለ መሳፈሩ ብዙ ሰምቻለሁ። የምሠራበት የአዛውንት መጦሪያ ውስጥ ያሉት ሽማግሌዎች የአላስካ ክሩዛቸውን፣ የመርከብ ሽርሽራቸውን፣ ሲያነሱ ስለ ምግቡና ስለ በረዶው ያወራሉ እንጂ ስለ ሻንጣ አንዲት ቃል አይተነፍሱም። እኔና እናቴ ግን የመጨረሻውን ቀን የጨረስነው መቼ እንውረድ፣ ሻንጣውንስ ማን ያውርደው በሚል ነገር ነው።

እናቴ ኦክላንድ ውስጥ፣ ፎቅ ላይ ባለች ባለ ሁለት መኝታ ቤት አፓርታማ ከእኔ ጋር ለብዙ ዓመታት ኖራለች። ታላቅ ወንድሜ ከሚስቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር የሚኖረው ሳንሆዜ ነው፤ ትንሽ ወደፊት ቢነዳ ካምቤል የምትባለው ጎረቤት ከተማ ይገባል። የመርከቡን ቲኬት የገዛልን እሱ ነው። ሲሰጠኝ «ብቻችሁን ጊዜ ይኖራችኋል፤ ተነጋገሩበት» አለኝ። ስለ ምን እንደምንነጋገር አልጠየቅሁትም። ሺፍት እየደራረብኩ ስለምሠራ እንደ ሰው እረፊ ማለቱ መስሎኝ አመስግኜ ተቀበልኩት።

ጉዞው ጥሩ ነበር። እናቴ ካፖርቷን ለብሳ፣ ብርድ ልብስ ደርባ መርከቡ ጫፍ ላይ ትቀመጥና ውኃውን ታያለች። ክፍላችንን ከምታጸዳው ሴት ጋር ተወዳጅተው ነበር። እናቴ ድሮ ኦክላንድ ሆቴል ስትሠራ አልጋ ስታነጥፍ ስለኖረች፣ ሴትዮዋ ከመምጣቷ በፊት አንሶላውን ራሷ ወጥራ ትጠብቃታለች። ሴትዮዋ ትስቃለች፤ እናቴም በቁርጥራጭ እንግሊዝኛና በእጇ ታወራታለች። ምን እንደሚባባሉ አላውቅም ነበር።

የመጨረሻው ቀን ጠዋት ከቁርስ ስንመለስ አልጋው ላይ አንድ ወረቀትና ሻንጣ ላይ የሚታሰር ሁለት አረንጓዴ መለያ፣ ታግ፣ ተቀምጦ አገኘን። ወረቀቱን አነበብኩት። ሁለት መንገድ አለ ይላል። አንደኛው፣ ታጉን ሻንጣሽ ላይ አስረሽ ከእራት በኋላ ከበርሽ ውጭ ታስቀምጪዋለሽ፤ እነሱ ያወርዱታል፤ ጠዋት የታግሽ ቀለም ሲጠራ ባዶ እጅሽን ወርደሽ ወደቡ አዳራሽ ውስጥ ታነሺዋለሽ። ሁለተኛው፣ ሻንጣሽን ለማንም ሳትሰጪ ራሷን ችላ የምትወርድ መንገደኛ ሆነሽ ከሁሉም ቀድመሽ ትወጫለሽ። ሁለቱም ቀላል ነው። ግን ባነበብኩት ቁጥር ሌላ ጥያቄ ይመጣብኛል። ሻንጣው ከሄደ ማታ ምን ለብሼ ነው የማድረው? ጠዋትስ? ሻንጣው ወርዶ እኔ ብቀርስ?

ልጠይቅ ወደ እንግዳ መቀበያው ወረድኩ። ሰልፉ ኮሪደሩን ሞልቶታል። ከፊቴ ያሉት ባልና ሚስት ቀለሙ የሚሰጠው በአውሮፕላን ሰዓት ነው አሉኝ። ከኋላዬ ያለው ሰውዬ አይደለም፣ እንደየፎቁ ነው አለ። እኛ አውሮፕላን የለንም። ቤታችን ከወደቡ ማዶ ነው፤ ድልድዩን መሻገር ብቻ ነው። ተራዬ ሲደርስ ሠራተኛው «እንዳሻሽ ማድረግ ትችያለሽ» አለኝና ወደሚቀጥለው ሰው ዞረ። እንዳሻሽ የተባለ ሰው ደግሞ የበለጠ ይቸገራል። ደረጃውን ስወጣ ራሳችን ይዘን ቀድመን እንውረድ ብዬ ወሰንኩ።

ክፍላችን ስገባ እናቴ ሁለቱንም ሻንጣዎች አልጋው ላይ ከፍታ ዕቃውን እንደገና እየከፋፈለችው ነው። ስንመጣ ዕቃችን የተደባለቀ ነበር፤ የእሷ ሹራብ እኔ ጋ፣ የእኔ ጫማ እሷ ጋ። አሁን አንድ ካልሲ ሳይቀር እየለየች ነው። የገዛነውን ስጦታ፣ ዣንጥላውን፣ ሁለታችንም የምንለብሰውን ወፍራም ጋቢ ሁሉ ወደ እኔ ሻንጣ አደረገችው።

«እማዬ፣ ራሳችን ይዘን ብንወርድ ይሻላል። ቶሎ እንገላገላለን» አልኳት።

«አንቺ እንደፈለግሽ አድርጊ። የእኔን ግን እነሱ ያውርዱልኝ።»

«ለምን እንለያያለን?»

«የምን መለያየት አመጣሽ? ሻንጣ እኮ ነው» አለችና የሻንጣዋን ዚፕ ዘጋች።

ያን ጊዜ ነው እጀታው ላይ ያለውን ታግ ያየሁት። አረንጓዴ አልነበረም፤ ቢጫ ነው። ማን ሰጠሽ ስላት «ልጅቷ ናት» አለችኝ፤ ክፍላችንን የምታጸዳውን ሴት ማለቷ ነው። ተሳስታ ነው ብዬ ታጉን ፈትቼ ተመልሼ ሰልፍ ያዝኩ። መቀበያው ላይ ያለው ሰው ኮምፒውተሩን አየና ስህተት የለም አለኝ። ቢጫ ዊልቸር ለጠየቁ ሰዎች ነው፤ እናትሽ ጠይቃለች፤ ከፈለግሽ አንቺም አብረሻት መውረድ ትችያለሽ።

እናቴ ዊልቸር ጠየቀች? ቤተ ክርስቲያን ወንበር ሲያቀርቡላት እንኳ «ለታመመ ስጡት» የምትለው እናቴ?

«ጉልበቴን ያመኛል» አለችኝ ተመልሼ ስጠይቃት።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከቆየ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ደረጃውን ስወጣ ታይኛለሽ እኮ» አለች፣ አልተቆጣችም። እውነቷን ነው፤ አያታለሁ። ቀስ ብላ ነው የምትወጣው። ግን ቀስ ማለቷን እንደ ጠባይዋ ነበር የቆጠርኩት።

የእኔንም ሻንጣ አስወጥቼ አብሬያት በቢጫው እወርዳለሁ አልኩ። እሷ ደግሞ «አንቺ በራስሽ ውረጂ፤ እኔ አልጠፋም» አለችኝ። ከዚያ የእጅ ቦርሳዋን ከፈተችና የቤታችንን ቁልፍ አውጥታ ሰጠችኝ። «ያዢው፤ በግርግሩ እጥለዋለሁ።» ተቀበልኳት። ምክንያቱም ልክ ነበር፤ ግርግር ይኖራል።

ከሰዓት በኋላ መርከቡ ላይ በከፈልነው ኢንተርኔት የወንድሜ ቴክስት ገባልኝ። «እማዬ በስንት ሰዓት ነው የምትወርደው?» ይላል። ትወርዳለች? አንድ ሰው ብቻ ነው እንዴ የሚወርደው? «አብረን ነን እኮ» ብዬ መለስኩለት። ብዙ ቆይቶ «እሺ፣ ስትወርዱ ኮል አድርጉልኝ» አለ። በመቸኮሉ ነው ብዬ ተውኩት። ወደቡ ድረስ ሊቀበለን ስለሚመጣ የመኪና ማቆሚያው ነገር አሳስቦት ይሆናል።

ከእራት በኋላ ሁለቱንም ሻንጣ በር ላይ አስቀመጥኩ። ትንሽ ቆይቼ የእኔን መልሼ አስገባሁት። እናቴ አልጋዋ ላይ ሆና ታየኛለች። እንደገና አወጣሁት።

«ልጄ፣ አንዱን ምረጪና ተኚ» አለችኝ።

አስወጥቼው ተኛሁ።

ጠዋት በጎልደን ጌት ድልድይ ሥር ስናልፍ ጭጋግ ነበር፤ ድልድዩ ከሥሩ በቀር አይታይም። ቁርስ ቤቱ በሰው ታጭቋል። ደረጃ ላይ አትቀመጡ እየተባለ በድምፅ ማጉያ ይነገራል፤ ሰው ግን ደረጃው ላይ ቦርሳውን አቅፎ ተቀምጧል። የቀለም ስም ይጠራል፣ ማሚቶው ይደርብበታል፣ ሐምራዊ ይሁን ቡናማ አይለይም። እናቴን ቢጫዎቹ የሚጠብቁበት ሳሎን አስቀመጥኳት። ካፖርቷን እስከ አንገቷ ቆልፋ፣ ፓስፖርቷን ይዛ፣ የመርከቡን ካርድ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ቁጭ አለች። ያን ጊዜ የስልኬ ቻርጀር ክፍላችን ውስጥ መቅረቱ ትዝ አለኝ።

«መጣሁ፤ እንዳትነቃነቂ» አልኳት።

«እሺ» አለችኝ።

ኤሌቬተሩ አልመጣም። በደረጃ ወጣሁ፣ ሰው እየተጋፋሁ ወረድኩ። ስመለስ ወንበሯ ላይ አንድ የማላውቃቸው ሽማግሌ ተቀምጠዋል። የቢጫዎቹ ተራ ደርሶ ወስደዋቸዋል። ሠራተኛዋን እናቴ የት ናት ብላት «ወርዳለች፣ አትጨነቂ» አለችኝ። ልከተላት ብል በዚያ በኩል የሚወርደው ዊልቸር ብቻ ነው ተባልኩ፤ አንቺ አረንጓዴ ነሽ፣ ጠብቂ። እንግሊዝኛዋ አጭር የሆነ፣ ጉልበቷ የታመመ እናት ብቻዋን ጉምሩክ ልትገባ ነው፤ እኔ ደግሞ ቻርጀር ይዤ ቀለሜ እስኪጠራ ቆሜያለሁ። ስልኳን ደወልኩ፤ አጥፍታዋለች። ወንድሜን ደወልኩ፤ አያነሳም። አረንጓዴ ሲባል ሰልፉ እንዴት ይዞኝ እንደወረደ አላስታውስም።

አዳራሹ ውስጥ ሻንጣው እንደየቀለሙ ተደርድሯል። ሮጬ ወደ ቢጫው ሄድኩ። የእናቴ ሻንጣ የለም፣ እሷም የለችም። ከአረንጓዴው መሐል የእኔን ጎትቼ አወጣሁ፤ የጉምሩኩ ካሜራ ፊቴን አየና አሳለፈኝ፤ ወደቡ ፊት ያለው ጎዳና፣ ኤምባርካዴሮ፣ ወጣሁ። ታክሲው፣ ሻንጣው፣ ሰው የሚጠብቀው ሰው ተደበላልቋል። ወንድሜ እጁን ሲያወዛውዝ አየሁት። እናቴ ከፊት ወንበር ተቀምጣ፣ ቀበቶዋን አስራ፣ ሙዝ እየላጠች ነው።

«ዊልቸሩን የሚገፋው ልጅ እስከዚህ አደረሰኝ። ሻንጣዬንም እሱ ነው ያነሳልኝ» አለችኝ በመስኮቱ።

መናደድ ፈለግሁ፤ ግን የሚያናድድ ነገር አላደረገችም። ወንድሜ ሻንጣዬን ከእሷ ሻንጣ ላይ ጫነው፤ ከኋላ በልጆቹ ወንበር መሐል ገባሁ።

መኪናው ሲንቀሳቀስ «መጀመሪያ አንቺን ኦክላንድ ጣል አደርግሻለሁ» አለ።

«መጀመሪያ ማለት?»

ወደ እናቴ ዞር አለ። «አልነገርሻትም?»

«ልነግራት ነበር» አለች እናቴ።

ድልድዩ ላይ ስንወጣ ወደፊት እያየች ማውራት ጀመረች። «የመጀመሪያው ቀን ደስ ብሎሽ አየሁ፤ ተውኩት። በነጋታው ዓሣ ነባሪ ታየ ሲባል ጫማሽን እንኳ ሳታደርጊ ሮጠሽ ወጣሽ። እንዲህ ስትሆኚ አይቼሽ አላውቅም። ከዚያ አፌ እምቢ አለኝ። ወደ ወንድምሽ ልሄድ ነው ልጄ። እዚያ ልኖር።»

«ምን አደረግሁሽ?»

«ምን ታደርጊኛለሽ? ምንም። ያ ደረጃ አቃተኝ። ደግሞ አንቺ ጠዋት ትወጫለሽ፣ ስትመጪ ደክሞሻል። ቀኑን ሙሉ እኔና ቴሌቪዥን ነን። እዚያ ሚስቱ ከቤት ነው የምትሠራው፤ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ይመጣሉ። ሰው አለ።»

«ልጆቹ አማርኛ አያወሩሽም።»

«ይሰሙኛል። እነሱ በእንግሊዝኛ ይመልሳሉ፣ እኔም እሰማለሁ። ይበቃናል።»

ወንድሜ በመስታወት አየኝ። «ከእኔ ሳይሆን ከእሷ እንድትሰሚ ነው የፈለግሁት» አለ። አዎ ማለቴን አስታውሳለሁ። ለምኑ አዎ እንዳልኩ ግን አላውቅም። ቅር ብሎኛል፤ ትከሻዬ ላይ ያለ ነገር የቀለለኝም መሰለኝ፤ የቀለለኝ በመምሰሉ ደግሞ ደነገጥኩ። እነዚህ ሁሉ ኦክላንድ እስክንደርስ ተፈራረቁብኝ።

ቤት ስንደርስ እናቴ አልወረደችም። «ትራሴንና ነጠላዬን አምጪልኝ፤ ሌላው ይቆይ» አለችኝ። ሻንጣዬን ይዤ ወጣሁ። መኝታ ቤቷ ገብቼ ቁም ሳጥኑን ስከፍት ግማሹ ባዶ ነው። ወንድሜ ሊጠይቀን በመጣ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ስትልክ ኖራለች። በዚያ ክፍል በር ላይ በየቀኑ አልፌያለሁ፤ የታጠበ ልብሷን አጣጥፌ አልጋዋ ላይ አስቀምጫለሁ፤ ቁም ሳጥኑን ግን ከፍቼው አላውቅም። ትራሱን ይዤ ወረድኩ። ነጠላውን ረስቼ እንደገና ወጣሁ።

«ሐሙስ ከሥራ ኦፍ አይደለሽ? ነዪ» አለችኝ ነጠላውን ስትቀበለኝ። እሺ አልኳት። ትራሱን ጭኗ ላይ አድርጋ ሄደች።

ሐሙስ ሄድኩ። ከጓሮ አገኘኋት፤ ጎረቤታቸው ከሆኑ ቬትናማዊት አሮጊት ጋር በአጥሩ ክፍተት ቃሪያና ቅጠል እየተለዋወጡ ነው። አንዳቸው የሌላቸውን ቋንቋ አይችሉም፤ ግን ሁለቱም ያወራሉ። እናቴ ከእሳቸው ጋር አስተዋወቀችኝ። የእናቴ ፊት ፈክቷል። ደስ አለኝ፤ ትንሽ ቆይቶም ከእኔ ጋር እንዲህ ፈክቶ ያውቅ ነበር ወይ እያልኩ ማሰብ ጀመርኩ፤ ማስታወስ አልቻልኩም። ሳንሆዜ ስሄድ አሁንም እንደዚያው ነኝ። ቶሎ እንድደርስ እቸኩላለሁ፤ ከደረስኩ በኋላ የት እንደምቀመጥ ይጠፋኛል። በዚያ ቤት እሷ ባለቤት፣ እኔ እንግዳ ነን።

ቤተ ክርስቲያን «እናትሽስ?» ሲሉኝ «ወንድሜ ጋ ሄደች» እላለሁ። አንዳንዱ «ተገላገልሽ» ይለኛል፣ አንዳንዱ «አይዞሽ» ይለኛል፤ ለሁለቱም አመሰግናለሁ። ክፍሏን አከራዪው የሚሉኝም አሉ። እስካሁን አልወሰንኩም። አንዳንድ ቀን ወደ ሥራ ስወጣ የክፍሏን በር እዘጋዋለሁ፣ አንዳንድ ቀን ክፍት እተወዋለሁ። የትኛው እንደሚሻለኝ አላወቅሁም።