የበሶብላ በረዶና ጋሽ ፊውዝ

የአክስቴን ባል ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ ፊውዝ» ይለዋል። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ቤት መብራት ሲዘረጋና ሲጠግን የኖረ ኤሌክትሪሺያን ነው። ደመና ካየ የቤቱን ሶኬት እየዞረ ይነቅላል። ድሮ እንስቅበት ነበር። «ጋሼ፣ እኛንም ንቀለንና እንረፍ» እለው ነበር።

አሁን የአክስቴን ስም እንኳ ረስቷል። ይህን ሁሉ ዘመን «አንቺ» ሲላት የኖረ ሰው እንደ እንግዳ «እርስዎ» ይላታል። እሷ ይህንንም ቻለችው። ያልቻለችው ምግብ ሲተው ነው። ጎረሰልኝ ስትል ይተፋል፤ ልብሱ ሰፋው። ሐኪሙም «መብላት ከተወ እኔም የማደርገው የለኝም» ብሎ አሰናበታት።

ሳይደግስ አይጣላም እንዲሉ፣ አንድ ቀን ከጓሮ በሶብላ ቀጥፋ የድንች ሾርባ ውስጥ ስትጨምር ጋሼን ሽታው ስቦት መጣ። ማንም ሳይጠራው ጠረጴዛው ጋ ተቀምጦ ሳህኑን ጠረገው። ከዚያ ወዲህ ያለ በሶብላ አይቀምስም። የገበያውን ብትሞክርለት አሽትቶ ገፋው። የጓሮዋን ቅጠል ለይቶ ያውቃል፣ እሷን አያውቃትም። እኔን ይኼ ያናድደኛል፤ አክስቴ ግን «እኔን ባያውቀኝ ይቅርብኝ፣ ብቻ ይብላልኝ» ትላለች።

ችግሩ ጓሮው የእነሱ አለመሆኑ ነው። አከራዩ ክፍል ሊሠራበት አሸዋ አራገፈ። እግሩ ላይ ብንወድቅም የሰጠን ጊዜ ቅጠሉን ለመልቀም ብቻ የሚበቃ ነበር። አክስቴ በጣሳ ተክላ ሞክራ ነበር፤ ክፍሏ ፀሐይ አያውቅምና ቢጫ ሆኖ ሞተ። ስለዚህ ከቤቴ አሮጌ ፍሪዘር አምጥቼ ወጥ ቤቷ አስገባሁላት።

በሶብላውን አጥበን፣ ውሃው እስኪጠፋ ነጠላ ጨርቅ ላይ አሰጣነው። እንጨቱን ጥለን ቅጠሉን ከተፍነው፤ በበረዶ መሥሪያው ፕላስቲክ ጉድጓዶች ጠቅጥቀን ዘይት አፈሰስንበት። ሲጠጥር እያወጣን በፌስታል ቋጠርነው። ለአንድ ሾርባ አንድ ፍሬ ይበቃል። አክስቴ ፍሪዘሩን ከፍታ አየችው፣ ዘጋችው፣ ደግሞ ከፈተችው። «ይኼ እስኪያልቅ እግዜር ያውቃል» አለች።

የቀረን ጋሼ ነበር። ሶኬቱን እንዳያገኘው ከባዱን ቁም ሣጥን ገፍተን ፊቱ ገተርነው። በብልሃታችን ኮራሁ። አክስቴም የተረፈውን እርጥብ ቅጠል አስቀድማ ስታበስል ሰነበተች፤ ፍሪዘሩን ቅዝቃዜው ይወጣል ብላ ንክች አላደረገችውም።

የፈሩት ይደርሳል። እርጥቡ ባለቀ ዕለት ስንከፍተው ከላይ ያለው ፌስታል ሁሉ ቀልጧል፤ ቅጠሉ ጠቁሯል፣ ሽታው ሌላ ሆኗል። የቤቱ አምፖል እንደበራ ነው። ቁም ሣጥኑም ከቦታው አልተነቃነቀም። ግራ ገብቶኝ ደጅ ወጥቼ የቆጣሪውን ሳጥን ብከፍት፣ የወጥ ቤቱ ሶኬት ፊውዝ ብቻ ተመርጦ ወጥቷል። ሶኬቱን ብንከለክለው ከምንጩ አደረቀው። የሚስቱን ስም የረሳ ሰው ይኼን አልረሳም።

ልጮህበት ስል አክስቴ ክንዴን ያዘችኝ። ከፊቱ ተቀመጠች።

«ፊውዙን አንተ ነህ ያወጣኸው?»

ከደረት ኪሱ በመሀረብ የተጠቀለለውን አውጥቶ አሳያት። «ሽቦው አርጅቷል፣ እሜቴ። ባለቤቴ እዚህ ቤት ነው የምትተኛው። እሳት ቢነሳባት እኔ ምን ይውጠኛል?»

እኔ የያዝኩትን ቁጣ የት እንደማደርገው ጠፋኝ። ደጅ የአከራዩ ሠራተኞች ጓሮውን ይቆፍራሉ።

ፍሪዘሩ ውስጥ ከታች አንዲት ፌስታል ብቻ ገና አልሞቀችም ነበር። ለነገ የሚባል ነገር ስለሌለ አክስቴ የፌስታሏን ፍሬ ሁሉ አንድ ድስት ውስጥ ጨመረችው። ጋሼ እንደ ወትሮው ሽታው ስቦት መጣና ተቀመጠ። እሷ ቆማ እያንዳንዱን ማንኪያ በዓይኗ ትከተላለች። ግማሹን እንደበላ ሳህኑን ወደሷ ገፋው።

«ይኼን ለባለቤቴ ያስቀምጡላት።»

«አንተ ጨርሰው። እሷ በልታለች።»

«አልበላችም» አላት። «እኔ ሳልበላ እሷ አትበላም። አውቃታለሁ።»

አክስቴ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። ሳህኑን በሁለት እጇ ተቀበለችው። እሱ ፊውዙን በመሀረቡ መልሶ ጠቅልሎ ኪሱ ሲከት ቆማ አየችው፤ ስጠኝ የምትልበት አፍ አልነበራትም።