የእትዬ አስካለ ሁለተኛ ድመት

ዛሬ ጠዋት ጎረቤቴ ሰናይት ደውላ "እትዬ አስካለ ሞቱ" ስትለኝ መጀመሪያ የተናደድኩት በእሷ ነው። ወሎ ሰፈር እኛ ግቢ የሚቀልደው እኔ ነኝ፤ ማን ነው ደግሞ ሥራዬን የነጠቀኝ አልኩ። "ይሄ አያስቅም" ብዬ ዘጋሁባት። መልሳ ደወለች። አሁን አታወራም፤ ታለቅሳለች።

ትናንት እኮ በራቸው ላይ ቆመው "አንተ ለፍላፊ፣ ጃኬትህን ዝጋ፣ ብርድ ነው" ብለውኛል!

ወዳጆቼ፣ ይህን የምጽፈው ራሴ ነኝ። ማንም አልጻፈልኝም። የማታ ትምህርት ጨርሻለሁ፤ በክፍሉ የእኔን የሚያህል የእጅ ጽሑፍ አልነበረም፣ የማያምን መምህሩን ይጠይቅ። ሁለተኛዋ አጠገቤ የሚቀመጡት እትዬ አስካለ ነበሩ። እሳቸው ደግሞ "አንደኛዋስ እኔ ነኝ" ይሉ ነበር። አሁን ስለማይከራከሩኝ አንደኝነቱን ለእሳቸው ሰጥቻለሁ።

እትዬ ልጅ አልነበራቸውም። ሻምበል የሚባል ትንሽ ድመት ነበራቸው፤ "ልጄ" ነው የሚሉት። ችግሩ፣ እኛ ትምህርት ስንሄድ ሻምበል ብቻውን ቀርቶ ግቢውን በልቅሶ ያናውጠዋል። አንድ ቀን በዘንቢል ይዘውት መጡ።

"እትዬ፣ ድመት ክፍል አይገባም" አለ መምህሩ።

"አንተ ፊደል ታስተምራለህ፣ እኔ ልጅ አሳድጋለሁ። ብቻውን ሲሆን ያለቅሳል፣ ምን ላድርገው?"

እኔ ከጎናቸው ጮክ ብዬ "ሁለተኛ ድመት ያምጡለታ!" አልኩ። ክፍሉ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

"ሻምበልን ላማክረው" አሉ።

የሚያውቋቸው ሁሉ ይህቺን ቃል ያውቋታል። ሰርግ ሲጠሩ፣ አልጋዎን ወደ መስኮቱ ላዙርልዎ ሲባሉ፣ ሁሌም "ሻምበልን ላማክረው" ነው። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ትምህርት ስንሄድ እጠይቃለሁ፦ "እትዬ፣ ምን አለ?"

"እያሰበበት ነው።"

የሚያስቡት ግን እሳቸው ነበሩ። "መጥታ ቢጣሉስ?" ይሉኛል። "ደግሞ እኔ አርጅቻለሁ፤ ሁለቱን ለማን ትቼ እሄዳለሁ?"

"ለእኔ!" አልኩ።

"ለአንተ? ለአንተ ድንጋይ እንኳ አደራ አልሰጥም!"

አንድ ቀን ግን ፊታቸው በርቶ "ተስማማ" አሉ። ሰፈራችን ካለው ጋራዥ አንዲት ቡራቡሬ የድመት ግልገል ተሰጥቷቸው በነጠላቸው ሸፍነው ይዘዋት ገቡ።

አከራያችን በር ላይ ጠበቃቸው። ስሙን አልጽፍም። ልብ በሉ፣ መጻፍ አቅቶኝ አይደለም።

"አንዱን ችዬ መቀመጤ አነሰና! ግቢዬ የድመት ማደሪያ ሆነ እንዴ?" ብሎ ከእጃቸው ነጠቃት። ማዳበሪያ ውስጥ ከቷት ወጥቶ መንገድ ላይ ጣላት። እትዬ በነጠላ ጫማ እየተጎተቱ በየመኪናው ሥር ጎንበስ እያሉ ሲፈልጓት፣ እሱ ከበረንዳው ሆኖ "እትዬ፣ ሲያገኟት ፊደል ያስቆጥሯት!" እያለ ሳቀ።

ያንን ሳቅ ዋጥኩት። አልተፈጨልኝም።

ድመቷን ማን አገኛት? እኔ ነኛ! የቆመ ታክሲ ሥር። እዚሁ ቅርባችን ሩዋንዳ የሚባለው ሰፈር የእንግዳ ማረፊያ ዘበኛ ነኝ፤ የጥበቃ ቤቴ ውስጥ አስቀመጥኳት። እትዬ በጾሙ ሳይቀር ወተት በኮዳ ይዘው ይመጡ ነበር።

"እትዬ፣ ጾም አይደል እንዴ?"

"የምጾመው እኔ ነኝ። እሷ መቼ ተጠመቀች?"

ስትጠጣ እያዩ "ቆይ ብቻ፣ ሰውየው ልቡ ሲራራ ከሻምበል ጋር እናገናኛቸዋለን" ይሉኛል። ሰውየው አልራራም። እትዬም ሳያገናኟቸው ሄዱ።

አሁን ዛሬ የሆነውን ስሙ።

ሬሳቸው ከቤት ሳይወጣ፣ የእድሩ ድንኳን እየተተከለ፣ አከራያችን ሰናይትን ጠርቶ "ያንን ድመት ዛሬውኑ አውጡልኝ" አላት። ከቀብር ስንመለስ ያው ሰውዬ ድንኳኑ ፊት ለፊት ተቀምጦ "እናቴ ነበሩ! እናቴን አጣሁ!" እያለ ደረቱን ይደቃል።

ሩዋንዳ ጥበቃ ቤቴ ደርሼ ተመለስኩ። ጃኬቴን እስከ አንገቴ ዘግቼ ፊቱ ቆምኩ።

"ጋሼ፣ እግዜር ያጽናዎት። እትዬ እንደ እናትዎ ነበሩ አይደል?"

"እንደ እናቴ ብቻ? እናቴ!"

ዚፔን ከፈትኩ። ቡራቡሬዋ ጭንቅላቷን አወጣች።

"እንግዲያው ታናሽ እህትዎን ይቀበሉ። ወንድምዎ ሻምበል ቤት ውስጥ እየጠበቃት ነው።"

የእድሩ ዳኛ በጋቢያቸው አፋቸውን ሸፈኑ፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጣል። ሰውየው ግራ ቀኝ አየ። እናቴ ብሏል፤ ሰው ሁሉ ሰምቷል።

"ይኑሩ" አለ በአፍንጫው።

"ጋሼ፣ ከኋላ ያሉት አልሰሙም።"

"ይኑሩ አልኩ እኮ!"

"ሰምተናል" አሉ የእድሩ ዳኛ።

በልቅሶ ቤት እንዲህ ማድረግ ነውር ነው ያላችሁኝ አላችሁ። ነውርስ ማዳበሪያው ነው። ያንን የበረንዳ ሳቅ ከነወለዱ መለስኩለት፣ ደስ ብሎኛል፣ አልደብቅም። ይህን የምለጥፈውም ድንኳኑ ሲነሳ "መቼ አልኩ?" እንዳይል ነው። ከሁለቱ የአንዳቸው ጭራ ብትነካ ስሙን ከነአያቱ እጽፈዋለሁ። የእጅ ጽሑፌን ነግሬያችኋለሁ።

እትዬ፣

ሻምበል መጀመሪያ ፀጉሩን አቁሞ ጮኸባት። ትንሽ ቆይቶ አሸተታት። አሁን እርስዎ አልጋ ላይ ጆሮዋን እየላሰላት ነው። አያለቅስም። ዛሬ በግቢው የምናለቅሰው እኛ ነን።

ለማን ትቼ እሄዳለሁ ብለው ነበር። ድንጋይ እንኳ አደራ ላልሰጡት ለፍላፊ ነው የተዉት። ጃኬቴንም ዘግቻለሁ።

በሰላም ይረፉ፣ አንደኛዋ።

ሰናይት "በቃ፣ ሰውየውን ይቅር በለው" እያለችኝ ነው። ሻምበልን አማከርኩት።

እያሰበበት ነው።