የጌሾ ነጋዴዋ ተዝካር

በደርግ ጊዜ ባሕር ዳር ውስጥ ልብ ወለድ እጽፋለሁ ብሎ መናገር ሥራ ፈት ነኝ ከማለት ብዙም አይለይም ነበር። የምኖረው ዓባይ ማዶ፣ ከቀበሌ በተከራየኋት አንዲት ክፍል ነው። ቀን በአንድ ፋብሪካ የዕቃ ግምጃ ቤት እሠራለሁ፤ ከሥራ በፊት ያለችውን የጠዋት ሰዓት ደግሞ እጽፍባታለሁ። ጎረቤቴ የነበሩት ሴትዮ ግን ተቀምጦ ያዩትን ሰው ሁሉ ሥራ የሌለው ያደርጉታል። በሩን ገፋ አድርገው፣ «ዛሬም ተቀምጠህ ነው? እንግዲያ ስኳር መጥቷል አሉ፤ ሂድና ወረፋ ያዝልኝ» ይሉኛል። አንድ ቀን የምጽፍላትን ሴት፣ የታሪኬን ጌሾ ነጋዴ፣ ከሰው ደጃፍ አቁሜያት፣ እጇ በሩን ሊያንኳኳ ተነሥቶ ሳለ ወደ ቀበሌ ሱቅ ሄድሁ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ስኳሩን ይዤ ስመለስ አላንኳኳ አለችኝ። ሳምንት ሙሉ ደጅ ቆማ ከረመች።

ወረቀት አይገኝም። ሲገኝም ቀለሙ ከጀርባው ያልፋል። የመጀመሪያውን ደብተር ያስነበብሁት የሥራ ባልደረባዬ ሲመልስልኝ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ያ ሰካራም እኔ ነኝ?» እሱ መሆኑን እንኳ አላሰብሁም ነበር፤ ከጠየቀኝ በኋላ ሳየው ግን ቁርጥ እሱን ነው። ሌላው ደግሞ ትንሽ ስለ ኅብረት ሥራ ማኅበር ብታስገባበት ጥሩ ነበር አለኝ። ሦስተኛው የዘይት ጠብታ አኑሮበት «ቆንጆ ነው» ብሎ መለሰልኝ። ዘይቱ እስከ ስንተኛው ገጽ እንደደረሰ ስላየሁ፣ እስከ ስንተኛው ገጽ እንዳነበበም ዐወቅሁ።

ደስታ አልነበረውም ማለቴ አይደለም። አንድ ጠዋት በብስክሌት ድልድዩን ስሻገር ስፈልጋት የከረምሁት ዐረፍተ ነገር መጣችልኝ። ብትጠፋስ ብዬ እዚያው ቆሜ መዳፌ ላይ መጻፍ ጀመርሁ። የድልድዩ ዘበኛ ጠመንጃውን ይዞ መጣ። «ምንድን ነው የምትጽፈው?» አለኝ። ድልድይ ላይ ቆሞ መጻፍ በዚያ ጊዜ ቀልድ አልነበረም። መዳፌን ዘረጋሁለት። «ጌሾዋን አውርዳ ወገቧን ያዘች» ይላል። ደጋግሞ አነበበው፤ ላቤ እየፈሰሰ ስለነበር ቀለሙ ይለቅ ጀምሯል። «ከዚያስ?» አለኝ። ከዚያማ ገና አላውቅም አልሁት። ቅር ብሎት፣ «በል ሂድ» አለኝ። ያቺ «ከዚያስ» ወር ሙሉ አጻፈችኝ።

አባቴ ዘጌ፣ ከሐይቁ ዳር ባለ ቤተ ክርስቲያን የሚቀድሱ ቄስ፣ የቅኔ መምህርም ነበሩ። እኔንም ለዚያው አስበውኝ፣ ከቅኔ ቤት ጠፍቼ አስኳላ ስገባ ዐዝነው፣ በኋላ ግን ይቅር ብለውኛል። «ምን ትጽፋለህ?» ሲሉኝ «ታሪክ» እላቸዋለሁ። ለእሳቸው ታሪክ ማለት የሆነ ነገር ነው። ያልሆነውን እንደሆነ አድርጌ እጽፋለሁ ብላቸው «በሐሰት አትመስክር» የሚለውን እንደሚያመጡብኝ ስለማውቅ፣ ጉዳዩን ለማብራራት አልቸኮልሁም። ፈሪ ነበርሁ፤ ሌላ ስም አልሰጠውም።

መጽሐፉ አራት ደብተር ሞልቶ አለቀ። ከዘጌ ጌሾ በታንኳ እየጫነች ባሕር ዳር ገበያ የምትሸጥ፣ ባልም ልጅም የሌላት ሴት ታሪክ ነው። መጨረሻ ላይ ሐይቁ ይናወጥና ትሰጥማለች፤ ሬሳዋም አይገኝም። «ደወል አልተደወለላትም፤ ስሟን የጠራም አልነበረም» ብዬ ጨረስሁት። ይህችን መዝጊያ ስጽፍ ስሰርዝ ሰንብቼባታለሁ፤ በጣም እወዳት ነበር። በዚያው ሳምንት ለበዓል ወደ ዘጌ ስሻገር ደብተሮቹን ለአባቴ ሰጠኋቸው። እውነቱን ለመናገር ከሰው ሁሉ ይልቅ የእሳቸውን አንዲት ቃል እፈልግ ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ በቅዳሜ፣ ከገበያተኛ ጋር በጀልባ መጡ። ደብተሮቹን እንደ ዳዊት በጨርቅ ጠቅልለዋቸዋል። የሰጠኋቸውን ውኃ ሳይነኩ፣ «ነፋሱን ተሳስተሃል» አሉኝ። «በኅዳር ጠዋት ሐይቁ እንዲያ አይናወጥም። ከቀትር በኋላ ነው።»

«አስተካክለዋለሁ፣ አባ።»

«እሱስ ይሁን። ስመ ክርስትናዋ ማን ነው?»

«የማን?»

«የሟቿ ነዋ! ዘመድ የላት፣ ፍትሐት አልተፈታላት። ስሟን የጠራ የለም ብለህ ጽፈህ እንዴት ዝም ብለህ ትነሣለህ? እኔስ ካነበብሁት ወዲህ እንቅልፍ አልወሰደኝም።»

እውነቱን የምናገርበት ጊዜ ያ ነበር። ነገር ግን ደስ አለኝ፤ ዛሬም አልክደውም፣ በጣም ደስ አለኝ። ስንት ጊዜ የደከምሁባት ሴት ከአንድ ሰው ልብ ገብታ እንቅልፍ ነስታለች። ዓይኔን በጨው አጥቤ በአፌ የመጣልኝን ስመ ክርስትና ሰጠኋቸው። መቼ እንዳረፈች ሲጠይቁኝም መዝጊያውን የጻፍሁበትን ቀን ነገርኋቸው፤ ይቺስ እንኳ ውሸት አይደለችም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። አባቴ ከዳዊታቸው ማኅደር የታጠፈ ወረቀት አወጡ። በአንድ ወገን የሕያዋን፣ በሌላው ወገን የሙታን ስም ተጽፎበታል፤ ሲቀድሱ የሚያስቧቸው ናቸው። ከሙታኑ ግርጌ፣ ከእናቴ ስም ሦስት መስመር ዝቅ ብለው፣ የእኔን ሴት ጻፏት።

ለጥቂት ቀን ደረቴን ነፍቼ ሰነበትሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእኔ ግን እያደር ጨለመብኝ። እንዴት ብዬ ልንገራቸው እያልሁ አንዱን ቅዳሜ ለሌላው ሳስተላልፍ፣ ከዘጌ ጌሾ የምታመጣ የአባቴ ጎረቤት ገበያ ላይ አገኘችኝ።

«አባትህ ተዝካር ሊያወጡ ነው። የፊታችን ቅዳሜ አርባዋ ነው አሉ» አለችኝ።

«የማን?»

«እኔን ትጠይቀኛለህ? ልጄ ያውቃታል ነው የሚሉት።»

ዘጌ በሬ አይጠመድባትም፤ ጌሾና ቡና ሸጠው እህል ከማዶ የሚያመጡባት አገር ናት። ያን ዓመት ደግሞ እህሉ እንኳን ለሞተ ለቆመም አልበቃ። አባቴ የዓመት ቀለባቸውን ላልተወለደች ሴት ሊደግሱላት ነው።

ዐርብ ከግምጃ ቤቱ ፈቃድ ጠይቄ ተሻገርሁ። ግቢ ስገባ አክስቴ ጠላ እያጠለሉ ነበር። ቀና ብለው አዩኝና፣ «ምነው ዛሬ? ወገንህ አይደለችም እንዴ? ከባዕድ እኩል ትመጣለህ?» ብለው ተቆጡኝ። አባቴን ፍለጋ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወጣሁ። ከቅጥሩ ሥር፣ ከዋርካው ጥላ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«አባ፣ ያቺ ሴት የለችም» አልሁ።

«ዐውቃለሁ፤ ነፍሷን ይማር።»

«አይደለም። ድሮም አልነበረችም። እኔ ነኝ ያሰብኋት። ጌሾውንም፣ ታንኳውንም፣ ሞቷንም ከልቤ አውጥቼ ነው የጻፍሁት።»

የእጅ መስቀላቸውን ጨበጥ አደረጉ። ድምፃቸውንም ዝቅ አድርገው፣ «ታቦት ፊት ቆሜ ስሟን ጠርቻለሁ» አሉ። ጉልበታቸው ላይ ወደቅሁ። አላነሡኝም፣ አልገፉኝምም።

«አንተ ካሰብሃት፣ ዕድሜዋም በእጅህ ነበራ?» አሉኝ።

«አዎ።»

«እንግዲያ ለምን ገደልሃት?»

ታሪኩ፣ መጨረሻው፣ እያልሁ ተንተባተብሁ።

«ያዘዘህ ሰው ነበር?»

«የለም።»

«የሚጠላት አለ?»

«የለም፣ አባ።»

«እኮ ለምን?»

መልሱን አውቀው ነበር፤ ልናገረው አፈርሁ። የገደልኋት ስለሰለቸችኝ ነው። መጽሐፉ አላልቅ ሲለኝ ወደ ሐይቁ ገፍቼ ጣልኋት፤ ሞት ደግሞ ለመዝጊያ ያምራል። በዚያ ዘመን ሰው መግደል ቀላል ነበር። ሲደረግ አይተን አይተን ለእኛ ለጸሐፊዎቹም ሳይቀለን አልቀረም። ይህን ሁሉ ያሰብሁት ግን ቆይቼ ነው። ያን ጊዜ ያልሁት፣ «አላውቅም» ብቻ ነው።

ተነሡ፤ እኔንም አነሡኝ። «ድግሱን ልበትነው?» አልኋቸው።

ግራ ቀኙን ገልመጥ አደረጉና፣ «ለምን ይበተናል?» አሉ። «ሳይለቀስላቸው የቀሩ መች ጠፉ? እናቶቻቸው እንኳ ድምፅ አውጥተው እንዳያለቅሱ የተከለከሉ አሉ። ጸሎት ባለቤቱን አያጣም።» ከፋብሪካው ተወስደው የቀሩ ሁለት ወዳጆች ነበሩኝ። ፊቴን ወደ ሐይቁ መልሼ አለቀስሁላቸው፤ እስከዚያ ቀን አልቅሼላቸው አላውቅም ነበር።

በማግሥቱ ካህናቱም ተማሪዎቹም መጡ። ጸሎቱ ደረሰ፤ ከዚያ ተበላ፣ ተጠጣ። ከአባቴ ጎን የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ቄስ ወደ እኔ ጠጋ ብለው የማን ተዝካር እንደሆነ ሲጠይቁ፣ አባቴ ቀደሙኝና፣ «የልጄ ወገን ናት» አሏቸው። ሽማግሌው «እግዜር ያጥናህ» አሉኝ። «አሜን» አልሁ።

ሰው ከተሸኘ በኋላ አባቴ ያቺን ወረቀት አውጥተው ሰጡኝ። «እስክሪብቶህን አውጣ። ሰርዛት» አሉኝ። ከሙታን ወገን የሴቲቱን ስም ሰረዝሁት። አለቀ ብዬ ወረቀቱን ስመልስላቸው አልተቀበሉኝም።

«አሁን ከሕያዋን ጻፋት።»

«አባ፣ ደብተሩ ላይ እኮ ሞታለች።»

«ሂድና አውጣታ።»

ጻፍኋት። ከዚያ በጀልባ ተመለስሁ፤ በመንገዴ ሁሉ ውኃውን ሳይ ነበር።

ከውኃ ማውጣቱ ከማስመጡ እንደሚከብድ የዐወቅሁት በሚቀጥለው ጠዋት ነው። ታንኳው ተገለበጠ፤ ይህን አልነካሁትም። ከዚያ ግን ቄጠማ አስይዤ ወደ ዳር ካወጣኋት በኋላ ልትበላ ነው፣ ልብሷን ልታደርቅ ነው፣ የጠፋባትን ጌሾ ልትተካ ነው። ያቺ የምወዳት መዝጊያ ወደቀች፤ በምትኳ ሁለት ደብተር ተጨመረ። ጎረቤቴ በር ገፍተው «ዛሬም ተቀምጠህ ነው?» ሲሉኝ፣ «የለም እትዬ፣ ሰው እያወጣሁ ነው» አልኋቸው። ወደ ስኳሩ ሰልፍ ከመሄድ ግን አልዳንሁም። በዚያም አልቆጨኝም፤ ጌሾ ነጋዴዋንም በሐሳቤ ይዣት ሄጄ አብረን ተሰለፍን፤ ከመጽሐፉ ጥሩ ከምላቸው ገጾች አንዱ እሱ ነው።

ከዚያ ወዲህ ዘጌ በተሻገርሁ ቁጥር፣ አባቴ ስመው ሰላምታ ሰጥተውኝ ስለ ጤናዬ እንኳ ሳይጠይቁ፣

«ያቺ ልጅ ደኅና ናት?» ይሉኛል።

«ደኅና ናት፣ አባ። ትናንት ገበያ ወጥታ ነበር።»

«እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ፤ ከዚያ በኋላ ነው ውኃ የሚቀርብልኝ።