የመኝታ ቤቱ ግድግዳ

ከካዛንቺስ በተሳፈርንበት ታክሲ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጠችው ሴት በሻርፗ ጫፍ አፏን ሸፍና ታስላለች። ጥቁር ቀሚሷ ጉልበቱ ላይ በረኪና ነክቶት ነጥቷል፤ የጣቶቿም ቆዳ ተልጧል። አጠገቧ ያሉት አሮጊት ፈቀቅ ሲሉባት አየቻቸው።

"አይስጉ እማማ፣ ተመርምሬያለሁ፤ የሚተላለፍ አይደለም። የመኝታ ቤታችን ግድግዳ ሻግቶ፣ ሳጸዳው የማጽጃው ጭስ ጎድቶኝ ነው" አለቻቸው።

ወዲያው ስልኳ ጮኸ። "ልጄን የምትጠብቅልኝ እህቴ ናት" ብላ አነሳችው። ትንሽ አዳመጠችና ብድግ አለች።

"ፈትያ፣ ከምን ጋር ነው የቀላቀልሽው? በረኪናውን ከሽንት ቤት አሲድ ጋር? በቃ፣ እንዳትነኪው! ልጄን ይዘሽ ውጪ! በሩን ክፍት ተይው! እኔ የሆንኩትን ማየትሽ አይበቃም?"

ሾፌሩ ሬዲዮውን ዘጋ። ሴትዮዋ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ፣ በሌላው እጇ የፊቱን ወንበር ጨምድዳ ይዛለች።

"ወጣችሁ? ደጅ ናችሁ? ስጪኝ እስቲ፣ ድምፁን ልስማ።"

ልጁ ምን እንዳላት አልሰማንም። እሷ ግን ተመልሳ ተቀመጠች። አሮጊቷ ወደ እሷ ጠጋ ብለው እጃቸውን ትከሻዋ ላይ አሳረፉ።

"ፈትያዬ፣ እኔን ለማገዝ ብለሽ እንደሆነ አውቃለሁ" አለች። "ግድግዳው እንደፈለገ ይሻግት። እናንተ ብቻ ደጅ ጠብቁኝ።"

ቂርቆስ ስንደርስ ታክሲው በደንብ ሳይቆም ወርዳ ሮጠች። ጥቂት እንደሄደች ትንፋሽ አጥሯት የመብራት ምሰሶ ተደገፈች፤ ከዚያም እንደገና ሮጠች።