ከጀርባቸው የሳልኳቸው ልጆች

ከአዲስ አበባ ሥራዬን ትቼ ወደ ሰቆጣ የመጣሁት እናቴን ላስታምም ነበር። እሷ ካረፈች በኋላም ሳልመለስ ቀረሁ። ለምን እንደቀረሁ ሲጠይቁኝ፣ "ቤቱን ማን ይጠብቀው?" እላለሁ። እውነቱን ለመናገር፣ አዲስ አበባም የሚጠብቀኝ ሰው አልነበረም።

ለትንንሽ ሱቆችና ሻይ ቤቶች የግድግዳ ወረቀት እነድፋለሁ። በላፕቶፔ እስላለሁ፣ ደሴ ያለ ማተሚያ ቤት በትልቁ ያትመዋል፣ ጥቅሉ በአውቶቡስ ይመጣል፣ እኔው እለጥፈዋለሁ። ሐሳቤ የባለቤቱን ታሪክ በግድግዳው ላይ መተረክ ነበር። ሰው የፈለገው ግን ሌላ ነው። ጸጉር አስተካካዩ የዱባይ ፎቅ ፈለገ፤ የጭማቂ ቤቷ ባለቤት ፏፏቴ። ሠራሁላቸው። አንዳንድ ቀን ከአፌ የሚወጣው የመጀመሪያ ቃል "ግድግዳውን ልለካ ነው የመጣሁት" የሚለው ነበር፤ ከዚያ በፊት የማናግረው ሰው የለማ።

አንድ ቀን መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ቤት የከፈቱ ሽማግሌ አስጠሩኝ። ዕድሜያቸውን በጨውና በጨርቅ ንግድ ያሳለፉ ሙስሊም ነጋዴ ናቸው። ሚስታቸው ሞተዋል፤ ልጆቻቸው ወደ ዓረብ አገር እንደሄዱ ሰምቻለሁ።

"ድሮ ልጆቹ ትንንሽ ሳሉ፣ ጓዛችንን ጠቅልለን ከጽጽቃ ወደ ሰቆጣ ስንገባ የነበረውን ጉዞ ሳዪልኝ፤ እኔና ሦስቱ ልጆቼ፣ ከነአህዮቻችን" አሉኝ።

"የልጆቹ ፎቶ ይኖርዎታል?"

"ፎቶስ አለ። ግን ፊት አልፈልግም ልጄ፤ በእኛ ዘንድ ደስ አይልም። ከጀርባቸው ይታዩ።"

የማላውቃቸውን ሰዎች ከጀርባቸው እንዴት አድርጌ ልለያቸው? አካሄዳቸውን ጠየቅኳቸው። ትንሽ አሰቡና ከወንበራቸው ተነሡ።

"ትልቋ እንዲህ ናት" ብለው አንድ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው በጠረጴዛዎቹ መካከል ሄዱ። ከዚያ ዞሩና አንድ እግራቸውን እየጎተቱ ተመለሱ። "ይቺ ሁለተኛዋ ናት። እሾህ የወጋት እንዳይመስልሽ፤ እንድሸከማት ፈልጋ ነው።" ሻይ የሚጠጡት ሰዎች ሳቁ፤ እሳቸውም ሳቁ። "ትንሹን ከሁሉም ኋላ አድርጊው። ወፍ ሲያይ፣ ድንጋይ ሲያነሣ ይቀራል።"

ጽጽቃ ወዳለችበት ወደ ዝቋላ ወረዳ በሚወስደው መንገድ ወጥቼ ግራሩንና የተሸረሸረውን ቀይ አፈር እያየሁ ንድፍ ያዝኩ። ከዚያ ቤቴ ተቀምጬ ከነዚያ ልጆች ኋላ ኋላ ስሄድ ሰነበትኩ። የትልቋን ነጠላ ደጋግሜ ቀየርኩት። ለትንሹ ልጅ ጠጠር የጨበጠች እጅ ሠራሁለት፤ ራሱን ወደ ዛፉ ቀና አደረግኩት። ከእነሱ በቀር በቤቱ ሌላ ሰው አልነበረም። ሥራውን ወደ ደሴ የላክሁ ዕለት ቤቱ ጭር አለብኝ፤ እንግዳ የሸኘሁ ይመስል በር ላይ ቆምኩ።

ወረቀቱ ሲመጣ ሻይ ቤቱን ዘግተን ለጠፍነው። እኔ መሰላል ላይ፣ እሳቸው ከታች ጫፉን ይዘው። ስንጨርስ ወንበራቸውን አዞሩና ወደ ግድግዳው ተቀመጡ። ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው ሳዑዲ ላለችው ትልቋ ልጃቸው በቪዲዮ ደወሉላት።

"ያቺ እኔ ነኝ!" ብላ ጮኸች። "ወገቤን ይዤ! እማዬስ የት አለች?"

"እናትሽማ ቀድማ ሄዳ ቤት እየጠረገች ነበር። ረሳሽው?"

ስልኩን ቀስ እያሉ ወደ ግድግዳው ጫፍ ወሰዱት። ሳቋ ቆመ።

"አባዬ፣ እሱንም አሳሉት?"

"እንዴት ልተወው?"

ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች፤ ሌላ ሳትናገርም ስልኩ ተዘጋ። ግራ ገብቶኝ አየኋቸው። ያን ጊዜ ነው የነገሩኝ። ትንሹ በባሕር ሊሻገር ወጥቶ፣ ከባሕሩ ዳር ደውሎ፣ ከዚያ ወዲህ ድምፁ አልተሰማም። እኔ ሦስቱም ዓረብ አገር ሠርተው የሚኖሩ መስሎኝ ነበር። ስለ ሦስቱም ያወሩኝ በአንድ ዓይነት ድምፅ ነው።

"አባባ፣ ምነው ቀድመው ቢነግሩኝ?" አልኩ።

"ብታውቂማ እጅሽ ያዝን ነበር። ያን ቀን እኮ ልጁ አላዘነም። ደስ ብሎት ነበር።"

መሳሪያዬን ሰበሰብኩ። እንድቆይ አልጠየቁኝም፤ እኔም እንዴት እንደሚቆይ አላወቅኩም።

ከዚያ በኋላ ሻይ ለመጠጣት ወደዚያ መሄድ ለመድኩ። ከዝቋላ የሚመጡ መንገደኞች ግድግዳውን እየነኩ "ይቺ ቁልቁለት የእኛ ናት" ይባባላሉ። አንዲት ገበያተኛ ያ ኋላ የቀረው ማን እንደሆነ በኻምጣንጋ ስትጠይቃቸው ሰማሁ። የእናቴ ቋንቋ ነው፤ እሰማዋለሁ፣ አፌ ግን አይታዘዝልኝም። "ልጄ ነው" አሏት፤ አልጨመሩም።

ለዒድ ጠሩኝ። የእስላም ሥጋ እንደማልበላ ያውቃሉና ትኩስ ዳቦና ነጭ ማር አዘጋጅተው ጠበቁኝ። መናኸሪያው ባዶ ነበር። ለብዙ ሰው በሚበቃ ትሪ ዙሪያ ሁለት ሆነን ተቀመጥን። ሁለቱም ሴቶች ልጆች ተራ በተራ ደወሉ፤ ትልቋ እኔን እንዲያገናኟት ጠየቀች።

"እሳቸው ጋ ሰው አለ?" አለችኝ።

"እኔ አለሁ" አልኳት።

አመሰገነችኝ። ስልኩን መለስኩላቸውና ዳቦውን ቆርሼ ማር አጠቀስኩ። አዛን ሲሰማ ተነሡ፤ እኔም ተነሣሁ። በሩን ቆለፉና እሳቸው ወደ መስጊድ፣ እኔ ወደ ቤቴ ሄድን።