ለሁለቱም ጠመንጃ የሚበቃ ጥይት

አባቴ ሁለት ጠመንጃ አለው። አንደኛው ክላሽ ነው፤ የቀበሌ ሚሊሻ ሆኖ ባገለገለበት ጊዜ ፈቃድ አውጥቶ የያዘው። ሁለተኛው ከአያቴ የወረሰው ረጅም ምንሽር ነው። እኔ ሶዶ ከተማ ፊዚክስ ስለማስተምር ነገሮችን በየፈርጁ መለየት እወዳለሁ። የክላሽ ጥይት ምንሽር ውስጥ አይሠራም፤ የምንሽሩም ለክላሹ አይሆንም። ስለዚህ አንድ ሰው ስንት ጠመንጃ እንዳለው ለማወቅ መጀመሪያ ለየትኛው ጥይት እንዳለው መጠየቅ ያስፈልጋል። ይህን ባስረዳሁት ቁጥር አባቴ «እሺ መምህር» ብሎ ይስቅብኛል።

ክላሹ ለከርከሮ ነው። ቤታችን ተበላ ከምትባለው ከተማ ወዲያ ቆላው ላይ ነው። ከበላያችን ያለው ተራራ ተከልሎ ደኑ ካገገመ ወዲህ ከርከሮውም አብሮ ተመልሷል፤ በቆሎው እሸት ሲይዝ ወደ ሰማይ ካልተተኮሰ አይሸሽም። ምንሽሩ ግን ለለቅሶ ነው። በእኛ ዘንድ የተከበረ ሽማግሌ ሲሞት ጠመንጃ ያላቸው እኩዮቹ ወደ ዱቡሻው፣ ማለትም ሕዝብ ወደሚሰበሰብበት ሜዳ፣ ሲገቡ ወደ ላይ ይተኩሳሉ። የአባቴን ምንሽር ድምፅ ሰፈሩ ሁሉ ለይቶ ያውቀዋል። «መጣ» ይላሉ፣ ሳያዩት። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች መዝሙር ይበቃል እያሉ ብዙ ጊዜ መክረውታል። በሌላው ነገር ሁሉ ይሰማቸዋል።

ችግሩ ጥይቱ ነው። የክላሹ ቢያልቅ ይተካል። የምንሽሩ ግን እኩዮቹ በየተራ ሲሞቱ አብሯቸው አለቀ።

ባለፈው ዓመት የቅርብ ጓደኛው አረፈ። ስልክ ተደውሎልኝ በሚኒባስ እስከ ተበላ፣ ከዚያ በእግሬ ደረስኩ። አባቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ አንዲት ጥይት በጨርቅ ይወለውላል። ቀለሁ አረንጓዴ ዝገት ይዟል።

«ይሄ ከየት መጣ?»

«ከገበያ።»

«የምንሽር ነው?»

«ሰውየው ነው ብሏል። ሞክሬዋለሁ፣ ገብቷል።»

«መግባትና ልኩ መሆን አንድ አይደለም፣ አባ!» አልኩና ተቀምጬ አስረዳሁት። ባሩድ ሲነድ ጋዝ ይፈጥራል፤ ጥይቱ ልክ ካልሆነ ወይም ካረጀ ግፊቱ መውጫ ሲያጣ ብረቱን ሊሰነጥቀው ይችላል፤ ብረቱ ደግሞ ያለው ፊትህ ላይ ነው። እንደ ጎበዝ ተማሪ ጸጥ ብሎ አዳመጠኝ።

«ጨረስክ?»

«ጨረስኩ።»

«እንግዲያው ጫማዬን አቀብለኝ።»

«ክላሹን ብትወስድስ?»

«ክላሹንማ ከርከሮ ያውቀዋል። ጓደኛዬን ከከርከሮ እኩል ላድርገው?»

«ታዲያ ዝም ብለህ ግባ። ማንም አይወቅስህም።»

ሳቁ ጠፋ። «የእሱን በሬና የእኔን በሬ አንድ ቀንበር ላይ ጠምደን ነው ያረስነው። አንተ የተማርከው በዚያ እህል ነው። ዝም ብዬ ልግባ?»

ጫማውን አቀበልኩት። እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን ሄድን። ጥይቷ የደረት ኪሱ ውስጥ ናት። በመንገድ ላይ እጁን አየሁት፤ ማጭድ የቆረጠው ጠባሳ ያለበት የቀኝ እጁን። ከዚያ ዓይኑን አሰብኩ። ዝገቱ ባሩዱ ድረስ ገብቶ አበላሽቶት እንዲሆን ጸለይኩ።

ዱቡሻው ሞልቷል። አባቴ ከዳር ቆሞ ጥይቷን አጎረሰ። እኔ ከአጠገቡ ያሉትን ሰዎች ወደ ኋላ ገፋሁ፤ አስተናጋጅ መስዬአቸው ጥቂቶቹ የት እንቀመጥ ብለው ጠየቁኝ። ጠመንጃውን ወደ ሰማይ አነሳ። ቃታውን ሳበ።

ቀጭ አለ። ሌላ ድምፅ አልመጣም።

እጁ ጠመንጃውን ሊከፍት ሲሄድ አየሁ። የከሸፈ ጥይት አንዳንዴ ዘግይቶ ይፈነዳል። «አባ! አትክፈተው! ወደ ላይ እንደያዝክ ቁም!» ብዬ ጮህኩ።

እንደዚያ ቀን ታዞኝ አያውቅም። ቀጥ ብሎ ቆመ። ለቀስተኛው ዞሮ አየን። ትንሽ ቆይቶ የአባቴ ክንድ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ይህን ጊዜ የሟቹ የበኩር ልጅ ከመሃል መጥቶ ትከሻውን ከክርኑ ሥር አስገብቶ ደገፈው። አደጋውን ልነግረው አፌን ከፈትኩ፤ እሱ ግን ዓይኑን ጨፍኖ ያለቅሳል። አሁን የምፈራው ለሁለት ሰው ሆነ።

ከዚያ ጠመንጃ የያዙት ሌሎች ሽማግሌዎች ተያዩ። አንዱ ሳይተኩስ መሣሪያውን ወደ ላይ አነሳ። ሌላውም ተከተለ። ለቅሶው ቀስ በቀስ ጸጥ አለ። ሁሉም የሐዘን ሥርዓት ነው ብለው ቆመዋል፤ ፍንዳታ እየጠበቅኩ የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ። ከበቂ በላይ ከቆየሁ በኋላ የሟቹን ልጅ ወደ ዳር ስቤ፣ አባቴን «አሁን ፊትህን አዙረህ ክፈተው» አልኩት። ጥይቷ ሣሩ ላይ ወደቀች።

«የተማረ ልጅ ጥሩ ነገር አመጣ» አሉ ከጀርባዬ አንድ አዛውንት።

ወደ ቤት ስንመለስ ጠመንጃውን እኔ ያዝኩ። አባቴ ሄዶ ሄዶ «አልሰማኝም» አለ።

«ሁሉም አይቶሃል እኮ። ሰዉ ሁሉ ከአንተ ጋር ቆመ።»

«ሰዉማ አየ። ጓደኛዬ ግን ከመሞቱ በፊትም ዓይኑ ጠፍቶ ነበር። መምጣቴን የሚያውቀው በድምፅ ነበር።»

ስለ ግፊት፣ ስለ ባሩድ፣ ስለ ቀለህ ውፍረት የማስረዳው ነበረኝ። ጠመንጃውን ብቻ ከአንዱ ትከሻዬ ወደ ሌላው አዛወርኩ።

ጥቂት እንደሄድን ዞር ብሎ፣ «ጉኑኖ በኩል ትክክለኛው ጥይት ያለው ሰው አለ ይባላል» አለኝ። «መቃብሩ አጠገብ ቆሜ አንድ ጊዜ ብቻ። አንተ ልኩን ታውቀው የለ? አብረኸኝ ሂድና እይልኝ።»

«እኔ ሳላየው እንዳታጎርሰው» አልኩት።

እሺ አላለኝም። መንገዱን ቀጠለ።