ከሥሩ ባዶ የሆነው ኮንክሪት

እናትነሽ ሃያ ሁለት ዓመት ኮንክሪት ስታቦካ የኖረች የአዳማ ሴት ናት። ዘንድሮ ሞጆ አጠገብ ከባድ መኪና የሰነጣጠቀውን አሮጌ የኮንክሪት መንገድ ለሚጠግን ተቋራጭ ተቀጠረች። አንድ ቀን መንገዱን በመዶሻ እየመታች ስትፈትሽ አንደኛው ቦታ እንደ ባዶ በርሜል ጮኸ።

«ኢንጂነር፣ ከሥሩ ያለው አፈር ታጥቧል። ፈንቅለን፣ አፈሩን ጠቅጥቀን እንደ አዲስ እንሙላው» አለችው።

«እትዬ፣ ዝም ብለው ስንጥቁን በሲሚንቶ ይድፈኑት። ነገ ርክክብ ነው» አላት ወጣቱ መሐንዲስ።

ደሟ ፈላ። ወንድሟ በምርኩዝ የሚሄደው እንዲህ የተደፈነ መንገድ ተደርምሶ መኪናውን ስለገለበጠበት ነው። እሷ እምቢ ብትልም ሌሎች ደፈኑት።

በማግስቱ ተረካቢዎቹ ላዩን አይተው ሊፈርሙ ሲሉ መሃላቸው ገባች።

«በዓይን አይታይም፤ ስሙት!» ብላ የተደፈነውን ቦታ በመዶሻዋ መታችው።

ሁሉም ሰሙ። ከመካከላቸው በዕድሜ የገፉት ብዕራቸውን ኪሳቸው ከተው «ይፈንቀል» አሉ።

ሲፈነቀል ከሥሩ ሰው የሚያስቀምጥ ጉድጓድ ተገኘ። መንገዱ በደንብ ተሠራ፤ እናትነሽን ግን ተቋራጩ በዚያው ሳምንት አሰናበታት። መሐንዲሱ ዛሬም ሥራው ላይ ነው።

«ጉድጓዱን የቆፈርኩት እኔ ነኝ እንዴ?» ትላለች፣ እስካሁን ንዴቷ ሳይበርድ።